ምርጥ ተሞክሮ ሆኖ የመመረጥ አደጋ

ለክቡር ርእሰ መምህራችን ለኦቦ ነጋሳ
በቢሮዎ፤ እዚያ ካልተገኙም በሚሰለጥኑበት አዳራሽ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። ወገብዎ በመንገድ ብዛት፣ እጅዎ በፊርማ ብዛት፣ ጆሮዎም በጭብጨባ ብዛት እንዳይጎዳብን የዘወትር ምኞቴ ነው። እኔ የቤተ መጻሕፍትዎ ጠባቂ ሰሎሜ ጉልበቴን ብርድ ከመያዙ በቀር ደህና ነኝ።

ዛሬ ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገር ልነግርዎ ነው። በ2010 ዓ.ም. የመምህርት ዱረቲን ፖርትፎሊዮ ጠረጴዛዎ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። መምህር ኤቢሳ አይደለም፤ ሌላም ሰው አይደለም። ባለቤቴ ቢኖር ለእሱ እነግረው ነበር፤ ነገር ግን አፈር ከቀመሰ ያኔ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር። ለንስሐ አባቴም «ሰው በድያለሁ» ብዬ በጅምላ አለፍኩት፤ እሳቸውም በጅምላ ፈቱኝ፤ ስለዚህ ዝርዝሩ እስከ ዛሬ እኔው ዘንድ አለ።

አሁን ያወጣሁት ባለፈው ሰኞ በማኅተም የላኩልኝ ደብዳቤ ስለ ደረሰኝ ነው። በቁምሳጥኔ ውስጥ ያሉትን ሰባት የመምህራን ደብተሮች «ለምርጥ ተሞክሮ ቅመራ እና ለሥራ አፈጻጸም ምዘና ግብአት ይሆኑ ዘንድ» እስከ ዓርብ እንዳስረክብ አዘውኛል። ለእኔ ለጠባቂዋ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ሲጻፍልኝ በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ ይህ የመጀመሪያው ነውና ክብሩ ተሰምቶኛል። መልሱም ለክብሩ የሚመጥን እንዲሆን ብዬ በግልጽ ጻፍኩት። በአማርኛ መጻፌንም በደግ ይዩልኝ። ስብሰባ ሲመሩ በኦሮምኛ፣ ሪፖርት ሲያቀርቡ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ሲቆጡ ደግሞ በአማርኛ እንደሆነ ስለማውቅ፣ ይህንን አንብበው ሲጨርሱ በሚፈልጉት ቋንቋ ቢያገኙት ይቀልዎታል ብዬ ነው።

ትምህርት ቤታችንን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ከጊንጪ ወደ አምቦ ሲኬድ በመንገዱ ዳር የምትታይ፣ ባሕር ዛፍ የከበባት ትምህርት ቤት ናት። መምህራኑ ከማስተማር ሌላ በየዓመቱ ስልሳ ሰዓት ሙያቸውን እንዲያሻሽሉ ይጠበቃል፤ ይህንንም በሙሉ ስሙ ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ግን ሲፒዲ ይሉታል። ያሻሻሉትን ጽፈው የሚያስቀምጡበት ማኅደር ነው ፖርትፎሊዮ የሚባለው። እኔ ባለቤቴ ወልደሰንበት የትምህርት ቤቱ አናጺ በነበረበት ዘመን በጽዳት ተቀጠርኩ። ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። ማታ ማታ ሰሌዳ ሳጠፋ፣ ከማጥፋቴ በፊት የተጻፈውን እያየሁ፣ አንደኛ ክፍል ያለውን ከጨረስኩ በኋላ ወደ ሁለተኛ ክፍል እየተዛወርኩ፣ ፊደሉንም የኦሮምኛውን ቁቤም በዚሁ ለቀምኩት። ስድስተኛ ክፍል ስደርስ ቤተ መጻሕፍቱንና የማባዣውን ሥራ ሰጡኝ። ስለዚህ እዚህ ግቢ ውስጥ የተጻፈ ፖርትፎሊዮ ሁሉ በእጄ አልፏል፤ ልማድ ሆኖብኝም ያለፈውን ሁሉ አንብቤዋለሁ።

ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ስለ ሥልጠና አመሰግናለሁ። ባለፉት ሁለት ዓመታት ለትምህርት ቤታችን አሥራ አንድ የሥልጠና ጥሪ መጥቶ አሥሩን እርስዎ ራስዎ ተሸክመውልናል። አሥራ አንደኛው የሴት መምህራን የአመራር ሥልጠና ስለነበር ሸክሙ በእኛ ላይ ይወድቅ ይሆን ብለን ስንሰጋ፣ በአስተባባሪነት ሄደው አሳረፉን። የቤተ መጻሕፍት አያያዝ ሥልጠና አዳማ ላይ በተሰጠ ጊዜም የቤተ መጻሕፍቱ ጠባቂ እኔ ብሆንም፣ ጉልበቴን አስበው ስምንት ቀን ሙሉ በእኔ ፋንታ ተቀምጠዋል። ሲመለሱ ቦርሳውን ሰጥተውኛል፤ ጠንካራ ቦርሳ ነው፤ ድንች አመላልስበታለሁ። ምን እንደተማሩ ብጠይቅዎ «ሰፊ ነው፣ አዴ ሰሎሜ፣ ሰፊ ነው» ብለውኝ ነበር። ስፋቱን አሁንም በአክብሮት እየጠበቅኩ ነው።

ከዚያው ከሥልጠና ያመጡት የአመራር ዘይቤ መመሪያም አለ። ማተሚያው እንዳይንቀጠቀጥ ሥሩ ያስገቡት እሱ ነው። ኃጢአቴን ልናዘዝና፣ እርስዎ መስክ በሚወጡበት ጊዜ እያወጣሁ አነበዋለሁ፤ ሳይመጡ እመልሰዋለሁ። ገጽ ሠላሳ ሁለት ላይ፣ አለቃ በሠራተኞቹ ፊት ሲማር ካልታየ ሠራተኞቹም የተማሩ ይመስላሉ እንጂ አይማሩም የሚል አለ። «ካልታየ» የሚለው ሥር በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል፤ ቀይ እስክሪብቶ በግቢው ያለዎት እርስዎ ብቻ ነዎት። ደስ አለኝ። ማተሚያውም ከዚያ ወዲህ አልተንቀጠቀጠም።

ሁለተኛ፣ ስለ ፖርትፎሊዮው አመሰግናለሁ። እርስዎ ገጹን ስለሚቆጥሩ እንጂ ስለማያነቡ፣ መምህሩ ሁሉ ከጭንቀት ድኗል። በየዓመቱ ሰኔ ላይ አንድ ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ስም ይለወጣል፣ ክፍል ይለወጣል፣ እኔ አትሜ እጠርዛለሁ፣ እርስዎ ማኅተም ያሳርፋሉ። አንድ ዓመት ከሴት መምህር የተቀዳውን ማኅደር የስፖርት መምህራችን ስሙን ብቻ ለውጦ አስገብቶት፣ «ከወሊድ ፈቃዴ ስመለስ ያጋጠሙኝ ተግዳሮቶች» የሚል ገጽ በፊርማው ሥር ተገኝቷል። እኔ ነግሬው ሊያስወጣው ሲመጣ ማኅተም አርፎበት አገኘው። «እትዬ ሰሎሜ፣ በቃ እንግዲህ አንድ ጊዜ ወልጃለሁ» ብሎኝ ሄደ። ያን ዓመት የትምህርት ቤታችን ሲፒዲ መቶ በመቶ ተጠናቀቀ ተብሎ ሪፖርት ተላከ።

ሦስተኛ፣ አንድ ጊዜ ስላነበቡ አመሰግናለሁ፤ ይህን መጻፍ ይከብዳል፤ ቢሆንም ጀምሬዋለሁ።

በ2010 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ እንግዶች ከላይ ሊመጡ ነው ተባለ። እርስዎም ወደ እኔ መጥተው «አዴ ሰሎሜ፣ ከዚህ ሁሉ ጥሩውን አንድ ምረጪና ጠረጴዛዬ ላይ አኑሪልኝ» አሉኝ። ለእንግዶቹ ዓይን የሚሞላ ውፍረት ያለውን ማለትዎ ነበር። እኔ ግን ማንበብ በመቻሌ ኮርቼ፣ ጥሩ ማለት ጥሩ መስሎኝ፣ እውነቱን ልንገርዎና ሁለት ቀን ቁጭ ብዬ መረጥኩ።

የመረጥኩት የመምህርት ዱረቲን ነው። ከፍላሹ አልተቀዳም፤ በእጇ የተጻፈ ነበር። በቁቤ የጻፈችውን እንደማስታውሰው ወደ አማርኛ ልመልሰው፤ «ከሃምሳ ስምንት የሦስተኛ ክፍል ልጆቼ ሃያ ስድስቱ እስከ ኅዳር አያነቡም ነበር። የማስተምርበት መንገድ ለእነሱ አልሠራም። የኦቦ ኤቢሳ ክፍል ገብቼ ከኋላ ተቀምጬ አየሁ፤ ቀናሁ፤ ያየሁትን ወስጄ በራሴ ክፍል ሞከርኩት። ሃያ ስድስቱ አሥራ ዘጠኝ ሆኑ፣ ከዚያ አሥራ አንድ፣ ከዚያ አራት። አራቱ አሁንም አያነቡም። ለምን እንደሆነ አላውቅም።» ክቡር ሆይ፣ ማኅተም በሚያርፍበት ወረቀት ላይ «አላውቅም» የሚል ቃል ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። እኔ ራሴ ሰሌዳ እያጠፋሁ ማንበብ የተማርኩ ሴት ስለሆንኩ፣ ስለ አራቱ ልጆች የምታስብ መምህር መኖሯ ሆዴን ነካው። አቧራውን በቀሚሴ ጠርጌ ጠረጴዛዎ ላይ አኖርኩት።

እርስዎም በዘመንዎ ሁሉ አንድ ፖርትፎሊዮ አነበቡ፤ እሱም ያ ሆነ። በማግስቱ ስብሰባ ላይ፣ «ሃያ ስድስት ልጅ አላስተማርኩም ብላ በገዛ እጇ የፈረመች መምህርት አለችን» ሲሉ እኔ ከበሩ አጠገብ ወንበር እያቀረብኩ ነበር። ከፍላሹ የተቀዱት ሁሉ ከዘጠና በላይ አገኙ። «ወልጃለሁ» ያለው የስፖርት መምህርም ዘጠና አራት ነበረው። እሷ ሃምሳ አንድ አገኘች፤ በየካቲትም «ለሥራው ጥቅም ሲባል» ከደንዲ ሐይቅ በላይ፣ መኪና ካቆመ በኋላ ሁለት ሰዓት በእግር ወደሚኬድበት ትምህርት ቤት ተዛወረች። የታመመች እናቷ እዚህ ከተማ ቀረች። ለሥራው ምን ጥቅም እንደተገኘ አልሰማሁም፤ በሪፖርት ደርሶዎት ከሆነ ይንገሩኝ።

ከሁሉ የከፋው ይህ አይደለም። ማኅደሯ ውስጥ ምን እንደተጻፈ ያውቅ የነበረው ክፍሉ ያስገባት መምህር ኤቢሳ ብቻ መሰላት፤ ለእርስዎ አሳልፎ የሰጣትም እሱ። ሁለቱ ምሳቸውን ከአንድ ሳህን የሚበሉ ሰዎች ነበሩ። ዕቃዋን የሰበሰበች ቀን ወደ ወንበሩ ሄደች፤ አንድ እሽግ ጠመኔ ፊቱ አስቀመጠችና «ኦቦ ኤቢሳ፣ ያስተማርከኝን ሁሉ መመለስ አልችልም፤ ጠመኔህን ግን እንካ» አለችው። እሱ ምን እንዳጠፋ ሳይገባው ጠመኔውን ተቀበለ። እኔ ከእነሱ ሦስት እርምጃ ርቄ መጽሐፍ እያስተካከልኩ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። እንጀራዬን ፈራሁ፣ እርስዎን ፈራሁ፣ ከሁሉ በላይ የእሷን ዓይን ፈራሁ፤ መጽሐፉንም ተገልብጦ እንደቆመ ተውኩት። በግቢው ሰው ሁሉ «ሰሎሜ ዝምተኛ ናት፣ ጨዋ ናት» ይላል። ጨዋነቱን ልመልስላቸው፤ ፍርሃት ነበር።

መምህር ኤቢሳ ከዚያ ቀን በኋላ የክፍሉን በር ከውስጥ እየቆለፈ ማስተማር ጀመረ። አምስት ዓመት ቆለፈ። እርስዎም በአንድ ስብሰባ ላይ «ሥርዓት ያለው ክፍል» ብለው አመስግነውታል።

ወደ ደብተሮቹ እንመለስ፤ የሚፈልጉት እነሱን ነውና።

በ2015 ዓ.ም. መስከረም መምህርት መቲ ከኮሌጅ ወጥታ መጣችልን። በሦስተኛው ሳምንት የመምህር ኤቢሳን በር አንኳኩታ «ጋሼ፣ ከኋላ ልቀመጥና ልይ፤ የእኔ ክፍል ገበያ ሆኖብኛል» አለችው። እሱም «ግቢ፤ ጠመኔ ብቻ እንዳትበደሪኝ» አላት። ነገሩ አልገባትም፤ ገባች። ከዚያ እሱ የእሷን ሊያይ ሄደ፣ ከዚያ ሌላ ሰው መጣ፣ አሁን ሰባት ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ እኔ ጋ ይሰበሰባሉ። ሰብሳቢ የለም፣ ቃለ ጉባኤ የለም፣ የውሎ አበል የለም፤ ቆሎ አለ። ያላቸው ደንብ አንድ ነው፤ እያንዳንዱ በዚያ ሳምንት ያልሆነለትን ተናግሮ በደብተሩ ይጽፋል፣ ሌሎቹ ምን ቢሞክር እንደሚሻል ይከራከራሉ፣ በሚቀጥለው ሐሙስ ሞክሮ ይመጣል። ደብተሮቹን ባለቤቴ በሠራው ቁምሳጥን እቆልፍላቸዋለሁ።

አንድ ሐሙስ መምህር ኤቢሳ «ክፍልፋይ ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬ፣ ገብቷቸው እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም፤ አልገባንም እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው» አለ። መቲ ቆሎዋን እያኘከች «ጋሼ፣ ታዲያ አሁን ጡረታዎ ደርሷል፣ ማን ሊያስፈራዎት ነው? ነገ ይጠይቋቸው» አለችው፤ ከሁሉ በፊት ሳቁ ከእሱ መጣ። በማግስቱ ጠየቀ። ከስልሳው አርባ አንዱ እጃቸውን አወጡ፤ አልገባንም። በሚቀጥለው ሐሙስ ይህንን ሲነግረን ፊቱ ልጅ የተወለደለት ሰው ፊት ነበር። እርስዎ ከአዳማ ሲመለሱ ሰፊ ነው ያሉኝ ነገር ምናልባት ይህ ይሆን ብዬ አሰብኩ።

እንግዲህ አሁን እነዚህ ደብተሮች ለምዘና ግብአት ይሁኑ ሲሉ፣ ግብአት ምን እንደሚያደርግ አንድ ጊዜ አይቻለሁና አልታዘዝም። የመቲ ደብተር በመጀመሪያው ገጽ «በዚህ ወር ሦስት ትምህርት ወደቀብኝ» ይላል። ምዘናው የሚሞላው በዚህ ወር ነው። ከደንዲ ሐይቅ በላይ ያለው ትምህርት ቤት መምህር እንደጎደለውም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንብቤያለሁ፤ የተለጠፈ ነገር ሁሉ እንደማነብ ነግሬዎታለሁ። ሁለተኛ መምህርት በእኔ እጅ ወደዚያ ተራራ አትወጣም።

ስለዚህ ማክሰኞ ዕለት ሰባቱንም ደብተሮች ለየባለቤቶቻቸው መልሻለሁ። የሚፈልግ ከባለቤቱ ይጠይቅ፤ ባለቤቱም ከፈለገ ይስጥ፣ ካልፈለገ ይተው። ትእዛዝዎን ጨርሼ እንዳልጥስ ግን የቁምሳጥኑን ቁልፍ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ቁምሳጥኑ ጥሩ ዝግባ ነው፤ ባዶም ቢሆን ለእንግዶች ቢታይ አያሳፍርም። እኔ ለጡረታዬ ሁለት ዓመት ቀርቶኛል። «ለሥራው ጥቅም» መዛወር ካለብኝም ሰሌዳ ወዳለበት ይሁን እንጂ ቅር አይለኝም።

አንድ ልመና ልጨምርና ላብቃ፤ ይህኛውን ያለ ቀልድ ነው የምለው። የሚቀጥለው ሐሙስ ስልጠና ከሌለዎት ይምጡ። ቀይ እስክሪብቶውን ቢሮ ይተዉት። አጭሯ አግዳሚ ወንበር ላይ ቦታ አለ። ተራዎ ሲደርስ በዚህ ሳምንት ያልሆነልዎትን አንድ ነገር ይንገሩን፤ ቆሎው እስኪያልቅ እናስብልዎታለን፤ በሚቀጥለው ሐሙስ ሞክረው ይመጣሉ። እርስዎ አንድ ጊዜ «አላውቅም» ቢሉ ይህ ግቢ ከአሥራ አንዱ ሥልጠና ያላገኘውን ያገኛል። ለመጀመር ያህል እንዲቀልዎት የራሴን በዚህ ደብዳቤ አስቀድሜ አስገብቻለሁ።

በዓመቱ ሥራ ብዛት ትከሻዎ ሳይጎብጥ፣ ቦርሳዎችዎ ሳይጎድሉ፣ ማተሚያውም ሳይንቀጠቀጥ ለብዙ ዘመን እንዲመሩን እየተመኘሁ፣ ባልተሰጠኝ ሥልጠና ያካበትኩትን ሙያ ሁሉ ይዤ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ሰሎሜ ኤልያቄም
የቤተ መጻሕፍቱ ጠባቂ፣ ግንቦት 2017 ዓ.ም.

የተረሳች ነገር፦ በ2013 ዓ.ም. የእርስዎን የራስዎን ፖርትፎሊዮ ያተምኩት እኔ ነኝ። ሃያ ገጽ መሆን ነበረበትና ከፍላሹ የወጣው አሥራ ዘጠኝ ሆኖ ተቸገርኩ፤ እርስዎ ደግሞ ሥልጠና ላይ ነበሩ። እንዳያፍሩ ብዬ ገጽ አሥራ አራት ላይ የድንች ዘር እንዳይበሰብስ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ጀልዱ ወረዳ የሚኖሩት አማቴ እንዳስተማሩኝ አድርጌ፣ ሙሉ ገጽ ጻፍኩ። ከሥሩ ፊርማዎ አለ፤ ፊርማዎን ያዩት ሱፐርቫይዘርም «አበረታች ነው፣ ተጠናክሮ ይቀጥል» ብለውበታል። አራት ዓመት ሙሉ ስለዚያ ገጽ የጠየቀኝ የለም። ከማኅደሩ ውስጥ ለሰው የሚጠቅመው ገጽ እሱ ስለሆነ ቀድተው ቢያሰራጩት አልቀየምም።

ግልባጭ፦
ለትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ፤ የመስታወቱ ቁልፍ እርስዎ ጋ ስለሆነ ከውጭ በኩል ተለጥፏል።
ለመምህር ኤቢሳ፤ ከአንድ እሽግ ጠመኔ ጋር።
ለክቡር ርእሰ መምህር ለኦቦ ነጋሳ፤ አሁን በእጅዎ የያዙት ይህ ነው።
ዋናው፣ በእጄ የተጻፈው፣ ከትናንት በስቲያ ወደ ሐይቁ በሚወጣ ሰው እጅ ለመምህርት ዱረቲ ተልኳል።